የዓይን ምርመራው ውጤት ወደ ገበሬው ይመለስ

አንድ የጤና ጥናት ቡድን ወደ ገጠር ሲገባ አስቀድሞ የሚፈልገው የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ነው። በሕግ ስሙ ዛሬ ቀበሌ ቢባልም በወለጋ ገጠር በሰው አፍ ላይ አሁንም ያው ገበሬ ማኅበር ነው። ሊቀ መንበሩ ቤት ለቤት ይመራል፤ ውሻ ያስይዛል፤ ሕፃናቱን ያሰባስባል፤ አሮጊቶቹን «አይዟችሁ፣ አያምም» እያለ ያግባባል። ቡድኑም የትንሹንም የትልቁንም የዓይን ቆብ እየገለበጠ አይቶ፣ ያየውን በእጅ ስልክ መዝግቦ፣ ለታመሙት ቅባት ሰጥቶ ይሄዳል። ሊቀ መንበሩ የመኪናውን አቧራ እያየ ይቀራል።

ከጊምቢ ወደ ነቀምት በሚመጣ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህንኑ አጫወቱኝ። ቀደም ባሉት ዓመታት የገበሬ ማኅበር መሪ ነበሩ። ስለ ቡናው ዋጋና ስለ መንገዱ ብዙ ካወሩ በኋላ፣ በሥራዬ ምክንያት የሕክምና ጽሑፍ እንደማገላብጥ ስነግራቸው ድንገት ዞር ብለው፣ «እንግዲያስ ልጄ፣ ዓይናችንን ገልብጠው አዩ። ምን አዩ?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ጥሩ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልስ ነው።

ያዩት ነገር ተጽፏል። የተጻፈበትም ቦታ የታወቀ ነው። ትልቁ የኦሮሚያ የትራኮማ ጥናት የወጣው «ኦፍታልሚክ ኤፒዴሚዮሎጂ» በሚባል ስለ ዓይን ሕመም ስርጭት በሚያትም የሕክምና መጽሔት ላይ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2016 ነው። ጥናቱ ከ2012 እስከ 2016 በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎችን የመረመረው የዓለም የትራኮማ ካርታ ሥራ አንድ ክፍል ነበር። በኦሮሚያ ብቻ 252 ወረዳዎች በ79 የጥናት ክልሎች ተከፍለው 127,357 ሰዎች ታይተዋል። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 23.4 ያህሉ ትኩስ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከአዋቂዎቹ ደግሞ ከመቶው 0.82 የሚሆኑት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን ይወጋ ነበር። ይህች ሁለተኛዋ ቁጥር ስትታይ ትንሽ ትመስላለች። ሆኖም አንድ ሺህ አዋቂ ባለበት ቀበሌ ስምንት ሰው ማለት ነው። በሽታው ተወገደ ለማለት የሚፈቀደው በጤና አገልግሎቱ ያልታወቁት ከአንድ ሺህ አዋቂ ከሁለት ሰው ሲያንሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። 252 ወረዳዎች በ79 ክልሎች ከተከፈሉ አንዱ የጥናት ክልል በአማካይ ሦስት ወረዳ ይሸፍናል ማለት ነው። በሦስቱ ወረዳዎች ውስጥም የታዩት ጥቂት ቀበሌዎች፣ በየቀበሌውም ጥቂት ቤቶች ናቸው። ስለዚህ 23.4 የሚለው ቁጥር የናንተ ቀበሌ ቁጥር አይደለም፤ የወረዳችሁም ላይሆን ይችላል። «በኛ ዘንድ የለም» ብሎ ለመዝናናትም ሆነ «ሁሉም ታሟል» ብሎ ለመደንገጥ አያበቃም። ጥናቱ የሚናገረው መድኃኒቱ ወደየት ይሂድ የሚለውን ነው። በየቀበሌው ማን ታሟል የሚለውን ግን የሚያውቀው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

መጽሔት ስንል በየኪዮስኩ የሚሸጠውን ማለታችን አይደለም። የሕክምና ምርምር መጽሔት አንድ ሐኪም ወይም ተመራማሪ ያገኘውን ሲልክለት እንዳለ ተቀብሎ አያትምም። የሙያ አቻዎቹ ለሆኑ፣ ከሥራው ግን እጃቸው ለሌለበት ሌሎች ባለሙያዎች ይልካል። እነሱም እንዴት ቆጠራችሁ? እነማንን ተዋችሁ? ይህ ቁጥር ከዚያኛው ጋር ለምን አልገጠመም? እያሉ ይመረምራሉ። የወለጋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። «ለቀምቲ» እየተባለ በዓለም ገበያ የሚታወቀው የወለጋ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ናሙናው በምልክት ቁጥር ቀርቦ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ ይቀምሰዋል። ባለቤቱ ቡናዬ ምርጥ ነው ቢል ማንም አይሰማውም፤ የሚሰማው የቀማሹ ምላስ ነው። ብዙዎቹ የምርምር መጽሔቶችም እንዲሁ ገምጋሚው ማን እንደሆነ ለጸሐፊው አይነግሩም።

ከግምገማው በፊትም ጥንቃቄ አለ። በካርታው ሥራ የዓይን ቆብ የሚገለብጡት ባለሙያዎች ከመሰማራታቸው በፊት ይፈተኑ ነበር። የነሱ ፍርድ ከመምህራቸው ፍርድ ጋር በተወሰነው ልክ ካልተስማማ ወደ መስክ አይወጡም። አንዱ በነቀምት ዙሪያ «ትራኮማ ነው» ያለውን ሌላው በሻምቡ «ጭስ ነው» ቢል ካርታው ዋጋ አይኖረውም ነበርና። ምልክቱም የታወቀ ነው። በላይኛው ቆብ ውስጥ መካከለኛው ሥፍራ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ አምስት ወይም ከአምስት የበለጡ እብጠቶች ሲታዩ ሕመምተኛ ተብሎ ይመዘገባል፤ አራት ከሆኑ አይመዘገብም።

የትራኮማ ነገር ራሱ በዚህ መንገድ የተረጋገጠ ነው። የበሽታውን ሕዋስ በዶሮ እንቁላል ውስጥ አሳድገው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት ቻይናዊው ሐኪም ታንግ ፌይፋንና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ ግኝታቸውን በአገራቸው የሕክምና መጽሔት ላይ ያተሙት በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጋምቢያ ካሉ ሕመምተኞች ያንኑ አገኙ። ታንግ በዚሁ ዓመት ሕዋሱን በራሳቸው ዓይን ላይ ጨምረው ታመው አሳይተዋል። የአንድ ሰው ቃል ሌላ ሰው በሌላ አገር ደግሞ ሲያገኘው እውቀት ይሆናል። (በራስ ዓይን ላይ መሞከሩን ግን ለማንም አልመክርም።)

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት በ2007 «የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት» ላይ ወጥቷል። ያጠኑት የማነ ብርሃኔ፣ ዓለማየሁ ወርቁና አበበ በጂጋ የሚባሉ የራሳችን ባለሙያዎች ናቸው። ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ የሚሆነው በዓይን ሞራ፣ ከመቶ 11.5 ያህሉ በትራኮማ ጠባሳ መሆኑን አሳወቁ። ከሁሉም የሚያስቆጨው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከዓይነ ስውራኑ ከመቶ 87 የሚበልጡት መከላከል ወይም መታከም በሚቻል ምክንያት የታወሩ ናቸው። ይኸውም በየጓሮው በዱላ እየተመራ ከሚሄደው ሰው አብዛኛው መታወር ያልነበረበት ሰው ነው። የሽፋሽፍት መቀልበስ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ መገኘቱንም ያው ጥናት አስፍሯል፤ ከወንዶች ከመቶ 1.6፣ ከሴቶች 4.1። ሕፃን የምታቅፈው፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን የምትጠርገውና በሽታውን ደጋግማ የምትቀበለው እናት ነችና።

ብዙ ሰው ትራኮማን እንደ አቧራ መታከክ ይቆጥረዋል። የልጅነቱ ትራኮማ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ ቢለቅ ኖሮ እንደዚያ በሆነ ነበር። ጉዳቱ በመደጋገሙ ነው። በየዓመቱ እየተመላለሰ ሲይዝ የቆቡ ውስጥ ይጠብሳል፤ ጠባሳው እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰበሰባል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈገፍጋል። ሴቲቱ ወረንጦ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በየሳምንቱ ልጇን «ንቀይልኝ» ትላለች። የተነቀለው ፀጉር ደግሞ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ሲበቅል ይበልጥ ይወጋል። በመጨረሻ ብሌኑ ነጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሽፋሽፍቱ ቀዶ ሕክምና ሕመሙን ቢያስታግስም የጠፋውን ብርሃን አይመልስም።

ታዲያ ወረንጦው ይሻላል ወይስ ቀዶ ሕክምናው? ይህ ጥያቄ ለአማራ ክልል ገበሬዎች ቀርቦ መልሱ በመጽሔት ወጥቷል። ከስድስት ያነሰ ሽፋሽፍት የተቀለበሰባቸው 1,300 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ገሚሱ ጥሩ ወረንጦና የሚነቅል ሰው ሥልጠና ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው ከቀዶ ሕክምናው በኩል ከመቶ 2.2፣ ከወረንጦው በኩል 13.2 ነበሩ። በማየት ችሎታ በኩል ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው ይበልጣል፤ ሆኖም ጥቂት ፀጉር ብቻ የተቀለበሰባት ሴት በፍርሃት አልሄድም ብትል በደንብ በተሠራ ወረንጦ በሠለጠነ እጅ እየተነቀለላት ክትትል ይደረግላት እንጂ እንደ ጠፋች አትቆጠር። ብዙ ፀጉር የተቀለበሰባት ግን ጊዜ የላትም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2016 እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል 1,000 ሰዎች ላይ ሁለቱን የአሠራር ዘዴዎች አወዳድረው ነበር። ቆቡን ዘልቆ በሚቆርጠው ዘዴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የተቀለበሰው ከመቶ 22 ሰዎች ላይ ሲሆን ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው ዘዴ 13 ላይ ነው። ይህ ለመሪዎች ሁለት ነገር ይነግራል። አንደኛ፣ «እገሊት ተሠርታ ተመልሶባታል» የሚለው የመንደር ወሬ ውሸት አይደለም፤ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ስለዚህ ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት ሳይሆን የተሠራላት ሴት በዓመቱ እንደገና መታየት አለባት ማለት ነው። ወሬውን የሚያሸንፈው ወሬውን መካድ አይደለም።

መጽሔቱ ሁልጊዜ የምንወደውን አይነግረንም። ትራኮማን ለመከላከል የተቀየሰው የሥራ መንገድ አራት ነገሮችን ያቀፈ ነው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና። በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች ላይ የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት ውኃ ማውጣትን፣ ሳሙናን፣ የመጸዳጃ ቤትንና የፊት መታጠብን ትምህርት ለሦስት ዓመት ከሰጡ በኋላ የትራኮማው ሕዋስ በሕፃናቱ ላይ ካልተሠራባቸው መንደሮች ሲነጻጸር አለመቀነሱን ገለጠ። ያን ያህል ገንዘብና ድካም የወጣበትን ሥራ «አልሠራም» ብሎ ማተም ቀላል አይደለም። እኔ በበኩሌ መጽሔትን የማከብረው ስለዚህ ነው። ከሪፖርቶቻችን መካከል «ያቀድነው አልተሳካም» የሚል ስንት አንብባችኋል?

ከዚህ ተነስቶ ፊት መታጠብ አያስፈልግም የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ በኦሮሚያውም ጥናት ሜዳ ላይ በሚጸዳዱ ቤተሰቦች ዘንድ ትራኮማው በዝቶ ተገኝቷል። የዋግ ኽምራው ጥናት የሚያስተምረው ሌላ ነው። በሽታው እጅግ በከበደበት ቦታ ሦስት ዓመት አጭር ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ቀርቦም ለፊት የሚተርፈው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በውኃውና በጉድጓዱ እንበርታ ሲባል መድኃኒቱን እንተው ማለት አይደለም።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንድ የወለጋ ጣጣ አለ። በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ አካባቢ በሚፈስ ወንዝ ዳር የምትራባው ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው የኦንኮሰርካ በሽታ አለ። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዓይን የሚያጠፋ ሲሆን በአገራችን ግን ይበልጥ ቆዳን የሚያሳክክና የሚያበላሽ ነው። ለሱ የሚታደለው ሜክቲዛን ሲሆን ለትራኮማ የሚታደለው ዚትሮማክስ ነው። ሁለቱም በእንጨት ዘንግ ቁመት እየተለካ ስለሚሰጥ ገበሬው አንድ መድኃኒት ይመስለዋል። «ባለፈው ወስጃለሁ» ብሎ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ ሌላኛውን ነው የወሰደው። ከዕደላው ቀን በፊት ይህን አስረድቶ መናገር የመሪው ሥራ ነው፤ ቢያንስ ከመቶ ሰማንያ ሰው ካልወሰደ በሽታው ካልወሰዱት ዘንድ ተመልሶ ይነሳልና። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ግን ዚትሮማክስ ሳይሆን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት እንደሚሰጥ እናቶች ይወቁ። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዚትሮማክስ በታደለባቸው መንደሮች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች ሞት ካልታደለባቸው ወደ ግማሽ ዝቅ ብሎ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ለዓይን የታደለው ለነፍስም ተረፈ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተገኘው ከገበሬ ዓይን ነው። ዓይኑን የሰጠው የገጠር ሰው ነው፤ ቤት ለቤት የመራው የገበሬ ማኅበር መሪ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ያነበቡትም ለንደንና ጄኔቫ፣ አዲስ አበባና ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለንደን የሚዘጋጀው «የማኅበረሰብ ዓይን ጤና መጽሔት» ለገጠር የጤና ሠራተኛ በሚገባ ቋንቋ ተጽፎ ለድሃ አገሮች በነጻ የሚሰጥ መሆኑ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም እሱም ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት አይደርስም። በኦሮምኛና በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፎ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ማንበብ ምን ይከብዳል?

ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት አላቸው፤ ከፊሉም ትክክል ነው። ጽሑፉ ተገምግሞ እስኪወጣ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የአንድ ቀበሌ ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ሲነገር ያሳስታል። የሰው ሕመም በስም በአደባባይ አይነገርም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን «የጥናት ክልላችሁ ውጤት ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ይህን ያህል ዓመት ይታደላል» ማለት ማንንም አያሳስትም፤ የማንንም ስም አያነሳም። ትኩስ ትራኮማ ከመቶ ሕፃናት ከአምስት በታች ከሆነ ዕደላ እንደማያስፈልግ፣ ሠላሳና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንደሚታደል ገበሬው ቢያውቅ ኖሮ ዕደላው ሲቆም «ተረሳን» ባላለ፣ ሲቀጥልም «አሁንስ በዛ» ባላለ ነበር። ነቀምት የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ከዩኒቨርሲቲው የሚወጡ ጥናቶች ወደ ውጭ መጽሔት ሲላኩ አንድ ቅጂ በኦሮምኛ ተጨምቆ ወደ ወረዳው ቢላክ፣ ለተማሪም ለገበሬም የሚጠቅም ሥራ ይሆን ነበር።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ የደረሰው የጸጥታ መደፍረስ የጤና ሥራውን እንዳስተጓጎለ የሚታወቅ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው የኦሮሚያ ቁጥሮች ከዚያ በፊት የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ ቡድኖች እንደገና መምጣታቸው አይቀርም፤ ሊቀ መንበሩም እንደገና ውሻ ማስያዙ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ሲወርዱ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ውጤቱ መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ቋንቋ ይነገረናል? ሽፋሽፍቷ ተቀልብሶ ያገኛችኋት ሴት ወደየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን ትሄዳለች? መልሱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

እስከዚያው ድረስ ጥናት የማያስፈልገው ቆጠራ አለ። ወረንጦ የያዘች ሴት በየትኛው ቤት እንዳለች ጎረቤት ያውቃል። በዓይን ሞራ ምክንያት ቤት የዋለ ሽማግሌ የት እንዳለ ልጆች ያውቃሉ። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት በኋላ የነዚህን ሰዎች ስም በደብተር መጻፍ ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው ቆቡን ብቻ በማደንዘዝ በሠለጠነ የጤና ሠራተኛ የሚሠራ፣ ሰውዬውም ወይም ሴቲቱ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው፤ በዘመቻ ጊዜም ክፍያ የለውም። የሚቸግረው መንገዱ፣ ከብቱን የሚጠብቅ ሰውና ፍርሃቱ ነው። ሦስቱም የቀበሌ ሥራ ናቸው።

አዛውንቱ ነቀምት አውቶቡስ ማቆሚያ ሲወርዱ እጄን ይዘው ሌላ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። ባለቤታቸው ዐሥር ዓመት ሙሉ ስትነቅል ኖራለች፤ አሁን አንዱ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። «ሌላውስ ይድናል?» አሉኝ። ብሌኑ ገና ካልጠበሰ ይድናል አልኳቸው፤ ቀኑንም ሳያሳልፉ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷት ነገርኳቸው። «ቡናው ከተለቀመ በኋላ» አሉ። ከቡናው በፊት አልኳቸው።